ዱቄት ማሸጊያ ክፍል፦ የተሻለ ማስክ ይገዛ ወይስ መምጠጫው ይስተካከል?

ፈረቃ መሪ (አዳማ)

ሰላም ለቤቱ። ነገሩ አዳማ ስላለ አንድ የስንዴ ዱቄት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ነው። ሁለት መሙያ አፍ አለ፤ እያንዳንዱ በደቂቃ 3 ያህል ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል። በፈረቃ 9 ሰው ይሠራል፤ ሞይ 2፣ ሰፊ 2፣ መዛኝ 1፣ ተሸካሚ 4። ከየመሙያው አፍ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የመምጠጫ ቱቦ ተንጠልጥሏል፤ ከከረጢቱ አፍ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ፋኑ ይጮኻል፣ ይዞራል፤ ነጩ ጉም ግን ወደ ቱቦው መውጣቱን ትቶ ወደ ሞዪው ፊት ነው የሚመጣው። የጥቅምትና የኅዳር ነፋስ ሲነሳ የመጫኛው በር ከተከፈተ ደግሞ ክፍሉ ጭራሽ አይታይም።

ጽዳት የሚደረገው በፈረቃው መጨረሻ በኮምፕረሰር አየር ነው። ማሽኑም፣ ወለሉም፣ የሠራተኛው ልብስም በዚያው ይነፋል። ለመከላከያ ሰማያዊው የሐኪም ማስክ በቀን አንድ፣ ከግማሽ ሊትር ወተት ጋር ይሰጣል። አሁን ከዘጠኙ አራቱን ያስነጥሳቸዋል፣ ዓይናቸውን ያሳክካቸዋል። ሁለቱ ደግሞ ማታ ቤት ከገቡ በኋላ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል፤ እሑድ ይሻላቸዋል። አንዱ ኤክስሬይ ተነስቶ "ነጻ ነህ" ተብሏል።

"ዱቄት ምግብ ነው፣ ሳንባ አይጎዳም" የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው? በጀቱ አንዱን ብቻ የሚያስችል ከሆነ ጥሩ ማስክ ይገዛ ወይስ መምጠጫው ይሠራ? መለኪያ መሣሪያ ሳይኖርስ ብናኙ ምን ያህል እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ሃይጅኒስት

ዱቄት ምግብ የሚሆነው ለሆድ ነው። ለአየር ቧንቧ ግን ባዕድ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ፕሮቲን በየቀኑ ሲተነፈስ የአንዳንዱ ሰው ሰውነት እንደ ጠላት ይመዘግበዋል፤ ይህ ወራት ወይም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ቀድሞ ምንም የማያደርገው ትንሽ መጠን እንኳ አስም ይቀሰቅሳል። ፋብሪካው የዳቦ ማሻሻያ ኢንዛይም (አልፋ አሚሌዝ) በዱቄቱ ላይ የሚጨምር ከሆነ እሱም ራሱን የቻለ አስም አምጪ ነው፤ ከረጢቱን ከፍቶ የሚጨምረው ሰው ከሞዪው ባልተናነሰ አደጋ ላይ ነው።

ስለ መጠን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። "ደቃቅ ብናኝ" ሲባል ሁሉም ጥልቅ ሳንባ ይደርሳል ማለት አይደለም። እስከ 100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያለው በአፍንጫና በአፍ ይገባል፣ ከ10 ማይክሮን በታች ያለው ወደ ደረት ይወርዳል፣ የአየር ከረጢቶቹ ድረስ የሚዘልቀው በአብዛኛው ከ4 ማይክሮን በታች ያለው ነው። የጸጉር ዘለላ ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ 4 ማይክሮን ለዓይን አይታይም። አብዛኛው ዱቄት ሻካራ ስለሆነ አፍንጫና ትላልቆቹ ቧንቧዎች ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው የዱቄት በሽታ በማስነጠስና በዓይን ማሳከክ ጀምሮ ወደ አስም የሚሄደው። የድንጋይ ብናኝ ግን ጥልቁ ጋ ደርሶ ጠባሳ ይተዋል። የእናንተ አራት ሰዎች በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያሉ ይመስላሉ፣ ሁለቱ በሁለተኛው።

ስንት ይበዛል ለሚለው፣ የብሪታንያ ሕግ ለዱቄት ብናኝ በ8 ሰዓት አማካይ 10 ሚሊግራም በሜትር ኪዩብ፣ ለ15 ደቂቃ ደግሞ 30 ያስቀምጣል። የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ሃይጅን ባለሙያዎች ጉባኤ የሚመክረው ግን 0.5 ነው። ሃያ እጥፍ ልዩነት ያለው የኋለኛው አለርጂ እንዳይጀምር ለመከላከል ታስቦ ስለተቀመጠ ነው። በብሪታንያም ቢሆን 10 ማለት "እስከዚያ ድረስ ተመቻቹ" ማለት አይደለም፤ አስም አምጪ ነገር የተቻለውን ያህል ዝቅ መደረግ አለበት። ነጭ ጉም በዓይን የሚታይበት ክፍል 0.5ን ማለፉን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

ወተቱ ወደ ጨጓራ ነው የሚገባው፣ ብናኙ ያለው በአየር ቧንቧ ነው። ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ። ወተቱን አትከልክሏቸው፣ ከመከላከያ ዝርዝር ውስጥ ብቻ አውጡት።

ጠቅላላ ንግድ

ወንድሜ፣ ነገር አታርዝሙ። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ግዙ፣ ከ94 በመቶ በላይ ያጣራል። 9 ሰው ነው፤ ቱቦ ከማፍረስ ይረክሳል።

ሃይጅኒስት

94 በመቶው የጨርቁ ነው፤ በፊትና በማስኩ መካከል የሚገባውን አየር አይመለከትም። ስለዚህ በሥራ ላይ ለእንዲህ ያለ ማስክ የሚታሰብለት መከላከያ 10 እጥፍ ነው፤ ያውም ከፊት ጋር ገጥሞ፣ ጺም ተላጭቶ፣ ሁለቱም ላስቲክ በቦታው ሆኖ። አንዱ ላስቲክ አናት ላይ፣ ሌላው ከጆሮ በታች ማጅራት ላይ ነው የሚውለው። ሁለቱንም ማጅራት ላይ ማድረግ ወይም አንዱን ቆርጦ መጣል የተለመደ ስህተት ነው።

አሁን ስሌቱን እዩ። ወፍጮው ስለሚጮኽ ሰው ለመነጋገር ማስኩን ዝቅ ያደርጋል። ከ480 ደቂቃ ውስጥ 48ቱን ብቻ ዝቅ ብሎ ቢቆይ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብናኝ 1 ብንል የሚተነፍሰው በቀሪው ጊዜ ያለው 0.09 ሲደመር ባልተሸፈነው ጊዜ ያለው 0.10፣ ድምሩ 0.19 ይሆናል። 10 እጥፍ የነበረው መከላከያ 5 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ደግሞ ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም፤ ከአፍ የሚወጣውን ምራቅ ነው የሚይዘው።

ማስክ ግዙ፤ ግን መምጠጫው እስኪሠራ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለከረጢት ማራገፍና ለማጣሪያ ጥገና። ባዶ ጆንያ ማራገፍ በቀኑ ውስጥ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ከፍተኛውን ብናኝ ፊት ላይ የሚያመጣ ነው፤ ለዚያ 5 ደቂቃ ኤፍኤፍፒ3 (ከኤፍኤፍፒ2 የበለጠ የሚያጣራው ማስክ) ያስፈልጋል።

ላሜራና ፋን

ጥያቄው ውስጥ ዋናው ቁጥር 60 ሳንቲ ሜትር የሚለው ነው። ችግራችሁ እዚያ ላይ ነው፤ ፋን ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የሚነፋ አየር ሩቅ ይሄዳል፣ የሚመጠጥ አየር ግን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ከአፉ ትንሽ ሲርቁ ይሞታል። ሻማ በመንፋት ማጥፋት ይቻላል፣ በመሳብ ግን አይቻልም። ከቱቦው አፍ አንድ ዲያሜትር ያህል ርቆ (በእናንተ 20 ሳንቲ ሜትር) ያለው የአየር ፍጥነት አፉ ላይ ካለው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም።

ለክፍት አፍ የምንጠቀምበት ቀመር፦ አየር በሰከንድ = ፍጥነት × (10 × ርቀት በሜትር በራሱ ሲባዛ + የአፉ ስፋት በካሬ ሜትር)። ከረጢት ሲሞላ ብናኙን ለመያዝ ዱቄቱ የሚቦንበት ቦታ ላይ ቢያንስ 0.5 ሜትር በሰከንድ ያስፈልጋል፤ በር ተከፍቶ ነፋስ ካለ 1። በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስትሠሩት በሰዓት 6,500 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። ያን ሁሉ በ20 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ለማሳለፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 58 ሜትር መሆን አለበት፤ አይታሰብም። ርቀቱን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አውርዱት፣ 460 ሜትር ኪዩብ በሰዓት ይበቃል። አሥራ አራት እጥፍ ልዩነት የመጣው ከፋን አይደለም፤ ቱቦው ወደ ከረጢቱ ስለቀረበ ነው። አፉ ዙሪያ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ላሜራ ብትበይዱበት ከኋላ የሚመጣውን አየር ስለሚከለክል ሌላ ሩብ ያህል ይቆጥባል።

ቱቦውን ራሱን ግን ማጥበብ ያስፈልጋል። የዱቄት ብናኝ ቱቦ ውስጥ ሳይተኛ እንዲሄድ በሰከንድ 18 ሜትር አካባቢ መሮጥ አለበት። 460 ሜትር ኪዩብ በ20 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ቢያልፍ ፍጥነቱ 4 ሜትር ብቻ ነው፤ ዱቄቱ አግዳሚው ላይ ይተኛል፣ ይረጥባል፣ ይነቅዛል፣ በስተመጨረሻም ቱቦውን ይደፍነዋል። አፉን በ20 ጀምራችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር አጥብቡት፤ ፍጥነቱ 16 ይሆናል፤ በ9 ሳንቲ ሜትር 20። በሩን መዝጋት የማይቻል ከሆነና 1 ሜትር በሰከንድ ከመረጣችሁ አየሩም እጥፍ ስለሚሆን ቱቦው 13 ይሁን። መታጠፊያው ሰፊ ይሁን፣ የመታጠፊያው ራዲየስ ከቱቦው ዲያሜትር አንድ ተኩል እጥፍ በታች አይውረድ። ቅርንጫፍ ከዋናው ጋር በ90 ዲግሪ አይገናኝ፣ በ30 ወይም 45 ይግባ። የተሸበሸበውን የፕላስቲክ ቱቦ በተቻለ መጠን አሳጥሩት፤ ሽብሽቡ አየሩን ይጎትታል።

ከዚያ የሚሻል መፍትሔ ደግሞ አለ። 50 ኪሎ ዱቄት ከረጢት ውስጥ ሲገባ ከ80 እስከ 90 ሊትር አየር አስወጥቶ ነው የሚቀመጠው። ጉሙ ያ አየር ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ግድግዳ መሙያ አፍ ይሠራል፦ ዱቄቱ በውስጠኛው ቱቦ ይወርዳል፣ አየሩ በሁለቱ መካከል ባለው ቀለበት ይመጠጣል፣ ከረጢቱ በውጭኛው ላይ በቀበቶ ወይም በማጥበቂያ ይታሰራል። ደህና ላሜራ ሠሪ ይሠራዋል። የሚበላሽበት መንገድ ሁለት ነው። ቀበቶው ካልጠበቀ በጎን ይተነፍሳል፤ መምጠጡ ከበዛ ደግሞ ዱቄቱን ራሱን ይወስዳል። ሁለተኛውን የምታውቁት የማጣሪያው (የተመጠጠውን ብናኝ ከአየሩ የሚለየው) ሥር ያለው ዕቃ ከወትሮው ቶሎ ሲሞላ ነው፤ ያኔ ማጥበቢያ በሩን ትንሽ ዝጉት።

ፋኑን በተመለከተ "ይዞራል" ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ሞተሩ ተጠቅልሎ ሲመለስ ሁለት ፌዝ ተለዋውጦ ከታሰረ ፋኑ ወደ ኋላ ይዞራል። ሴንትሪፉጋል ፋን ደግሞ ወደ ኋላ ቢዞርም አየሩን የሚያስወጣው በዚያው በኩል ነው፣ መጠኑ ግን በጣም ያንሳል። ስለዚህ ማንም አያስተውልም። ቤቱ ላይ ያለውን ቀስት ከአዟዟሩ ጋር አስተያዩ። ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑ። የማጣሪያውን ግፊት እዩ፤ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ከሌለ ግንበኛ ለውሃ ልክ የሚጠቀምበትን ግልጽ ቱቦ አጥፋችሁ ግማሹን ውሃ ሙሉበት፣ አንዱን ጫፍ ከማጣሪያው በፊት፣ ሌላውን በኋላ አገናኙ። የሁለቱ የውሃ ከፍታ ልዩነት በሚሊ ሜትር የማጣሪያው መታፈን ነው። ከ50 እስከ 150 ጤነኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የማጣሪያው ከረጢቶች ታፍነዋል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ወይ ተቀዷል ወይ አየር አይሄድም።

አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ18 እና 20 በመቶ መካከል የሳሳ ነው። ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው መጠን አይቀየርም፣ የሚፈጥረው ግፊት ግን በዚያው ልክ ያንሳል። ከውጭ በመጣ ካታሎግ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የተገዛ ፋን እዚህ ሲተከል ደካማ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሻጩን "በ1,600 ሜትር ስንት ይሰጣል?" ብላችሁ ጠይቁት፣ መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ጤና መኮንን

ኤክስሬዩ "ነጻ" መሆኑ ለዚህ በሽታ ምንም አይናገርም። አስም በኤክስሬይ አይታይም። በእረፍት ቀን የተሠራ ስፓይሮሜትሪም (የትንፋሽ አቅም ምርመራ) ሙሉ በሙሉ ደህና ሊሆን ይችላል፤ በሽታው የሚመጣና የሚሄድ ነው።

ማታ ሲር ሲር የሚላቸው ሰዎች ነገሩን ከሥራ ጋር የማያገናኙት ምክንያት አለው። የአለርጂው ምላሽ ወዲያው ሊመጣ ይችላል፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ዘግይቶም ይመጣል። ከሥራ ወጥቶ እራት ከበላ በኋላ ስለሚጀምር "ብርድ መታኝ" ይባላል። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ በእረፍት ቀናት ይሻልሃል?

ርካሹ መሣሪያ ፒክ ፍሎው ሜትር (ሰው በኃይል ሲተነፍስ የአየሩን ፍጥነት የሚለካ) ነው። በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ፦ ሲነሳ፣ በፈረቃው መካከል፣ ከሥራ ሲወጣ፣ ሊተኛ ሲል። በየጊዜው ሦስት ጊዜ በኃይል ይነፋና ትልቁ ቁጥር ብቻ ይጻፋል፤ እስከ 4 ሳምንት። የእኛ ሀገር ችግር የእረፍት ቀኑ እሑድ ብቻ መሆኑ ነው፤ አንድ ቀን ለማነጻጸር አይበቃም፣ ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን ያስፈልጋል። ስለዚህ መዝገቡ የገናን ሰሞን ወይም የዓመት ፈቃድን እንዲያካትት ይታሰብበት። በሥራ ቀን ቁጥሩ ወርዶ በፈቃድ ከወጣ፣ ይህን ወረቀት ይዞ ሐኪም ጋ መሄድ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ሳሉ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የአክታ ምርመራ ይደረግ። "የዱቄት ነው" ብሎ ቲቢን ማለፍም፣ "ቲቢ የለበትም" ተብሎ አስምን መርሳትም ሁለቱም ይከሰታሉ።

ስንዴ ማራገፊያውንና ማጽጃውን ክፍል አልጠቀሳችሁም። እዚያ ያለው ብናኝ ዱቄት አይደለም፤ አፈር (ሲሊካ የሚባለው የአሸዋና የድንጋይ ማዕድን ያለበት)፣ ሻጋታ፣ የነፍሳት ቅሪት ነው። የሻገተ እህል ያራገፈ ሰው ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጡንቻ ሕመም ይዞት በአንድ ሁለት ቀን ሊለቀው ይችላል። አዳማ ላይ ይህ ወዲያው ወባ ይባላል። የደም ምርመራው ይደረግ፤ ወባ ካልተገኘበት ግን "ትናንት ምን አራገፍክ?" ተብሎ ይጠየቅ።

በአስም ከተረጋገጠ በኋላ ሰውየውን በማስክ ብቻ እዚያው ማቆየት አይመከርም። ከብናኙ ቶሎ የወጣ የማገገም ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ዓመታት የቆየ ከሥራው ቢወጣም አስሙ ሊቀርበት ይችላል።

ሰድርና ግራናይት

በዚሁ ልጠይቅ። እዚሁ አዳማ ግራናይትና እብነበረድ እንቆርጣለን። የዱቄቱን ሰዎች ወለሉን በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉ ብትሏቸው አይቀልም?

ሃይጅኒስት

ለእናንተ ውሃ መድኃኒት ነው፤ ለእነሱ ሊጥ ነው። ዱቄት ሲረጥብ ወለል ላይ ይጋገራል፣ ሻጋታና ነቀዝ ያመጣል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ተፍቆ እንደገና ይቦናል።

ግራናይት ከ20 እስከ 45 በመቶ ክሪስታል ሲሊካ ሊኖረው ይችላል፣ እብነበረድ በጣም ያነሰ ነው፤ "ኳርትዝ" እየተባለ የሚሸጠው ሰው ሠራሹ ጠረጴዛ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ከ2016 ጀምሮ ለሲሊካ የተፈቀደው 0.05 ሚሊግራም በሜትር ኪዩብ ነው። ከብሪታንያው የዱቄት ወሰን ሁለት መቶ ጊዜ ያንሳል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፣ የቲቢን ዕድልም ይጨምራል። በእጅ መቁረጫ ላይ ውሃው በደቂቃ ከግማሽ ሊትር አይነስ፣ ዲስኩ ድንጋዩን የሚነካበት ላይ ይፍሰስ። ሌላ ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ ጠብ ጠብ የሚያደርገው አይበቃም። ጭቃው ከደረቀ መልሶ ብናኝ ስለሆነ ሳይደርቅ ይጠረግ።

ፈረቃ መሪ (አዳማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተባለውን አየን። አዟዟሩ ልክ ነው። ቺንጋው ላልቷል። ማጣሪያው ላይ ያለው ማኖሜትር ዜሮ ያሳያል፣ ቱቦው ተነቅሎ ነበር። በውሃ ልኩ ቱቦ ስንለካ 240 ሚሊ ሜትር መጣ። ማጣሪያው ባለ 24 ከረጢት ነው፣ በኮምፕረሰር አየር ራሱን የሚያራግፍ። ቫኪዩም የለንም፤ በኮምፕረሰር አየር መንፋቱ ብናኙን የሚያስነሳ ከሆነ በምን እናጽዳ?

ላሜራና ፋን

240 ከሆነ ከረጢቶቹ ተለስነዋል። ገና አትቀይሯቸው፣ ምክንያቱን ሳታጠፉ አዲሱም በወር እዚያው ይደርሳል። በቅደም ተከተል፦ የኮምፕረሰሩን ታንክ ሥር ያለውን ቧንቧ ክፈቱ። ውሃ ከወጣ ጥፋቱ እሱ ነው፤ እርጥብ አየር ከውስጥ ሲነፋ ዱቄቱን ከረጢቱ ላይ ሊጥ ያደርገዋል። በየጠዋቱ ይፍሰስ፣ ከማጣሪያው በፊት ውሃ ለይ ይታሰር። ቀጥሎ ግፊቱ ከ5 እስከ 6 ባር መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ፋኑን አቁማችሁ የእያንዳንዱን ቫልቭ ድምፅ አዳምጡ፤ "ጧ" ብሎ መቁረጥ አለበት፣ "ሽሽሽ" ካለ ሜምብሬኑ (የቫልቩ ስስ ላስቲክ) ተቀዷል፣ ድምፅ ከሌለው ኮይሉ ወይም ሽቦው ነው። አንድ ቫልቭ ከሞተ የእሱ ረድፍ ከረጢት በሙሉ ይታፈናል። ሥር ያለው ማውጫም ይታይ፤ እዚያ ዱቄት ተደራርቦ ከረጢቶቹ ጫፍ ከደረሰ ማራገፉ ዋጋ የለውም።

መብራት ሲጠፋም ሥርዓት ያስፈልጋል። ሲመለስ ፋኑ ይቅደም፣ ወፍጮው ይከተል። ሲዘጋ ወፍጮው ይቅደም፣ ፋኑ 10 ደቂቃ ያህል ባዶውን ይሥራና ቱቦውን ያጽዳ፤ ማራገፊያው ከፋኑ በኋላም ጥቂት ዙር ይምታ። የማጣሪያ ከረጢት ስትገዙ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ያለውን ጠይቁ፣ የውስጡን ሽቦ ቀፎም ከማጣሪያው አካል ጋር መሬት መያዙን በሞካሪ ለኩ።

ሃይጅኒስት

ስለ ጽዳቱ። በ6 ባር አየር ወለል መንፋት ቀኑን ሙሉ የወረደውን ብናኝ በ10 ደቂቃ መልሶ አፍንጫ ከፍታ ላይ ማውጣት ነው። 4 ማይክሮን የሆነች የዱቄት ቅንጣት ከ1.5 ሜትር ከፍታ መሬት ለመድረስ በጸጥተኛ አየር እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለምትወስድ፣ የሚቀጥለው ፈረቃ የሚገባው እሷ ውስጥ ነው። ልብስ መንፋት ደግሞ ጭራሽ ይቁም፤ አየሩ ቆዳና ዓይንም ይጎዳል።

ዘላቂው መሣሪያ ለሚፈነዳ ብናኝ የተሠራ ቫኪዩም ነው። የቤት ወይም የሆቴል ቫኪዩም እንዳትገዙ፤ ሞተሩ ብልጭታ አለው፣ ማጣሪያውም ደቃቁን በኋላ በኩል ይተፋል። እስከዚያ ድረስ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ ሰፊ መጥረጊያ፣ ቀስ ብሎ ወደ ራስ መሳብ እንጂ መወርወር የለም፣ መምጠጫው እየሠራ፣ ኤፍኤፍፒ2 ተደርጎ። ከላይ ወደ ታች፦ መጀመሪያ ቧንቧና የብረት ተሸካሚ፣ ከዚያ ማሽን፣ ከዚያ ወለል። በፈረቃው መጨረሻ አንዴ ሳይሆን በየ2 ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ።

ከፍ ያለው ቦታ ላይ አደራ የምለው ለሳንባ ብቻ አይደለም። ዱቄት አየር ውስጥ በሜትር ኪዩብ ከ50 እስከ 60 ግራም ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል። እስካሁን የተነጋገርንበት የሚሊግራም ዓለም ከዚያ በሺዎች ያነሰ ስለሆነ ሰው የሚሠራበት አየር ራሱ አይፈነዳም። ተሸካሚ ብረት ላይ የተኛው ግን ሌላ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዱቄት በካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፤ ጣሪያው 5 ሜትር በሆነ ክፍል ቢቦን በሜትር ኪዩብ 100 ግራም ነው። እህል ወደ ላይ የሚያወጣው አሳንሰር ውስጥ በኩሽኔታ ሙቀት የምትነሳ ትንሽ ፍንዳታ ያንን ታራግፈዋለች፣ ሁለተኛውና ትልቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። በ1878 ሚኒያፖሊስ ላይ በፈነዳው ወፍጮ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። ብየዳ ካለ ቀድሞ ይጸዳ፣ ወፍጮው ይቁም።

ያለ መሣሪያ እንዴት ይታያል ላልከው፦ ጨረሩ የተሰበሰበ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ያዝ። ሌላ ሰው ከሞዪው በስተጀርባ ሆኖ ወደ አንተ ያብራ፤ አንተ የመብራቱን አምፖል በካርቶን ጋርደህ ጨረሩን ወደ መብራቱ አቅጣጫ ተመልከት። በተራ ብርሃን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ያበራል፣ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድም ይታያል። ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ በስልክ ቅረጸው። ቁጥር ካስፈለገ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ ትጠራለህ፤ ትንሿ ፓምፕ ወገብ ላይ፣ ማጣሪያው አንገትጌ ላይ ከአፍንጫ 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይታሰራል። በደቂቃ 2 ሊትር ለ480 ደቂቃ ከሳበ 0.96 ሜትር ኪዩብ አየር ነው፤ ማጣሪያው 1.92 ሚሊግራም ከከበደ ውጤቱ 2 ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ ሞዪው የሚተነፍሰውን አይነግርህም።

የሠራተኛ ጉዳይ

ለአስተዳደሩ የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን ጥቀሱ። የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር፣ እንዲሁም አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ ማስመርመር የአሠሪው ግዴታ ነው። የፒክ ፍሎው መዝገቡን ኮፒ ሠራተኛው ራሱ ጋም ይኑር።

ፈረቃ መሪ (አዳማ)

ቺንጋው ዛሬ ተቀይሯል፣ ታንኩ ሲከፈት ውሃ ወጥቷል። ባለ ሁለት ግድግዳውን አፍ ላሜራ ሠሪው ልኩን ወስዷል። አንድ የቀረኝ፦ በውስጠኛውና በውጭኛው ቱቦ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ይሁን?

ላሜራና ፋን

ከአየሩ ተነሱ። በአንድ አፍ 460 ሜትር ኪዩብ በሰዓት ከወሰዳችሁ በሰከንድ 0.128 ነው። ቀለበቱ ውስጥ ፍጥነቱ ከ8 እስከ 10 ሜትር በሰከንድ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሚወርደውን ዱቄት ይነጥቃል። ቀለበቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ትንሽ ቢዘገይም የሚወድቀው ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ 18 ሜትር የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ባለው አግዳሚ ቱቦ ነው። የውስጠኛው ቱቦ የውጭ ዲያሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት 0.0138 ካሬ ሜትር ይሰጣል፣ ፍጥነቱ 9 ይሆናል። የውስጠኛው ጫፍ ከውጭኛው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይርዘም፣ አለበለዚያ ዱቄቱ ሳይወርድ ወደ ቀለበቱ ይታጠፋል። ቀለበቱን መሃል ለመያዝ የምትበይዱት ድጋፍ ሦስት ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት ይሁን፣ ሹል ጠርዙ ወደ አየሩ ይዙር፤ ወፍራም ከሆነ ዱቄት ይቀመጥበታል።